ሜሪ ያስተረጎመችበት ክረምት

ሚያዝያ 21 ቀን 1995፣ ቢታ ገነት

ፋሲካ አለፈ። ደብረ ዘይት ብንሆን እህቴ ማዕረግ ቤት እንውል ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን ባለቤቴን አብነትን ወንጌላዊ አድርጋ ወደ ከፋ ስትልከው «ሦስት ዓመት ነው፤ እንደ ዘበት ያልቃል» ብሎኝ ነበር። ሁለተኛ ፋሲካችን መሆኑ ነው። እስክንድር ያኔ ጡት አልጣለም፤ አሁን ሦስት ዓመቱ ነው። ሜሪ ሰባት ሞላት።

ዛሬ ጓሮ ልብስ ሳሰጣ ሜሪ ከጎረቤታችን ከእትዬ አልጋነሽ ደጅ «ኢንዴ! ኢንዴ!» እያለች ስትጮህ ሰማሁ። የሆነ ነገር ያስደነገጣት መስሎኝ «ምን ሆንሽ? ምን አየሽ?» እያልኩ ሮጥኩ። ምንም አላየችም። እትዬ አልጋነሽን እየጠራች ነው። «ኢንዴ በካፊኖኖ እናት ማለት ነው» አለችኝ፤ እንዳላፍር እየተጠነቀቀች፣ ቀስ ብላ፣ እንደ አስተማሪ።

ሳቅሁ። ለአብነትም እየሳቅሁ ነገርኩት። እራት ላይ ግን «እማዬ በይኝ» አልኳት፤ ምን እንደነካኝ እንጃ።

ሚያዝያ 28

እዚህ ትምህርት ቤት ትንንሾቹ የሚማሩት በአገሬው ቋንቋ በካፊኖኖ ነው፤ የሚጽፉት በላቲን ፊደል። ልጅ በአፍ መፍቻው መማሩ መልካም ነው። እኔም ስድስት ዓመት ያስተማርኩ ሰው ስለሆንኩ ይህን ለማንም በደንብ ማስረዳት እችላለሁ። የሜሪ አፍ መፍቻ ግን ይኸኛው አይደለም። ወይም አልነበረም።

ስለዚህ ማታ ማታ ሀሁ ጀመርኩላት። ዛሬ «ቸ»ን ሦስት ጊዜ ስትስት እጇን በማስመሪያ መታኋት። በስድስት ዓመት የሰው ልጅ መትቼ አላውቅም። አላለቀሰችም። ስትተኛ በካፊኖኖ ጸለየች። መሀል ላይ ስሜን ሰማሁ። ስለ እኔ ለእግዚአብሔር ምን እንደነገረችው አላውቅም።

ግንቦት 8

ቸኩያለሁ፤ እስክንድር ተቅማጥ ይዞታል።

አብነት ሜሪን ይዞ ወጣ። ደጉ የሚባለው አስተርጓሚው መምህርነት አግኝቶ ወደ ዋጫ ከሄደ ወዲህ የምታስተረጉምለት እሷ ነች። «ሰባት ዓመቷ እኮ ነው» አልኩት።

«ሳሙኤልስ ስንት ዓመቱ ነበር?» አለኝ። ይህ እንዳላሳመነኝ ሲያይ፣ «እሷ ከሌለች እኔ ዲዳ ነኝ፣ ፍሬ» አለ።

ይኸኛው እውነት ስለሆነ ጫማዋን አሰርኩላት።

ግንቦት 16

የሚስዮን ክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ተድላ ከቦንጋ መጥተው ነበር። የእጅ ውሃ ይዤ ስመለስ በሩ ገርበብ ብሎ ነበርና ሰማኋቸው።

«ልጅቷ እናቷን በለጠቻት እኮ! ልቧ አብሮት ያልመጣ ሚስት ያለችው አገልጋይ በአንድ እግሩ ነው የሚሄደው።»

አብነት «የለም፣ እንዲህ አይደለም» እስኪል ድረስ ጠበቅኩ። አላለም። ገብቼ አስታጠብኳቸው።

ከሄዱ በኋላ ሜሪ ወጥ ቤት ተከትላኝ መጣች። «እማዬ፣ ሰዎቹ ሲያለቅሱ ለቅሶውንም ላስተርጉም ወይስ ዝም ልበል?» አለችኝ።

«አባትሽን ጠይቂው» አልኳት። ተናድጄ ነበር። በእሷ አልነበረም።

ግንቦት 26

አብነት ዛሬ ሲመለስ እግሩ መሬት የረገጠ አይመስልም ነበር። ከፈለኝ የሚባል ንብ አናቢ አለ፤ ከወንዙ ማዶ ነው ቤቱ፤ አራት ልጆች አሉት። ጉበቱ ነው። ጤና ጣቢያ «ቤቱ ይረፍ» ብለው ከመለሱት ሦስት ሳምንት ሆነው። እህል መቅመስ ትቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው የሚተኛው። አብነት ዛሬ አልጋው አጠገብ ተቀምጦ ስለ ሰማያዊው ቤት ነገረው። የእጅ ሥራ ያልሆነ ቤት፣ ለቅሶና ሕመም የሌለበት።

«ሜሪ የመጨረሻዋን ቃል ስትነግረው ፊቱ በራ! ዞሮ አየኝ፣ እጄን ያዘኝ። ሞትን ሳይፈራ የሚሄድ ሰው አየሁ ዛሬ» አለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲደሰት አላየሁትም። ቁጭ ብሎ ለቦንጋ ሪፖርቱን ጻፈ። እኔም ደስ አለኝ። እውነቴን ነው።

ሜሪ እራት አልበላችም። የከፈለኝ ሚስት ተሾመች ቆጮ አብልታት ይሆናል።

ግንቦት 30

ከፈለኝ ተነሣ ይላሉ! ትናንት ምግብ አምጡ አለ፤ በላ። ዛሬ ጠዋት በትር ይዞ ቀፎዎቹ ያሉበት ዛፍ ሥር ድረስ በእግሩ ሄደ አሉ። ሲመለስ ዝናብ መታው።

ሜሪ ይህን ስትሰማ እስክንድርን በሁለት እጁ ይዛ ግቢውን ዞረች፣ ዘለለች፣ ዘፈነች። ቀሚሷ ጭቃ ብቻ ሆነ። አልተቆጣኋትም።

ሰኔ 5

ከፈለኝ ሞተ። ከዝናቡ በኋላ ትኩሳት ጣለው አሉ፤ ከአልጋው አልተነሣም።

አብነት ለለቅሶው ሜሪን ሲፈልጋት ጠፋች። ከእትዬ አልጋነሽ ጓሮ፣ ከእንሰቱ ሥር ተኮራምታ አገኘናት። ቅጠሉ ላይ የተጠራቀመው ውሃ ጀርባዋ ላይ ይንጠባጠባል። አብነት ለመናት፤ አልነቃነቅ አለች። ወደ እኔ አየ። እኔም ሰዎቹ ያዩናል ብዬ ነው፣ «ተነሺ፣ ሂጂ! የሰው ለቅሶ አይቀርም» አልኳት።

ሂጂ ያልኳት እኔ ነኝ። ይህን ለራሴ ልጻፈው።

ለቅሶ ቤት አብነት የመጽናናት ቃል ጀመረ፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናግሮ እንድታስተረጉም ጠበቃት። ሜሪ ተሾመችን እያየች ቆማ ቀረች። ደግሞ ተናገረ፤ ደግሞ ጠበቀ። ያ ሁሉ ለቀስተኛ የልጄን አፍ ያያል። አንድ ቃል አልወጣትም።

ሰኔ 6

አልተናገረችም።

ሰኔ 11

አማርኛም ካፊኖኖም የለም። ስትጠራ ትመጣለች፣ ሲሰጧት ትበላለች፣ ያው ነው። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት፤ ደሟን አይተው ወባ የለባትም አሉ። ጉሮሮሽን ያምሻል? ጆሮሽንስ? ሆድሽን? ትምህርት ቤት የመታሽ ልጅ አለ? ያልጠየቅኳት የለም። በሁሉም ራሷን ትነቀንቃለች።

አብነት ጾም ይዟል። «ጠላት በአገልግሎታችን ላይ ተነሥቷል» ይላል። እኔ ግን በልቤ አገልግሎትህን አይደለም ልጄን ነው የያዛት እላለሁ።

ሰኔ 20

እትዬ አልጋነሽ ቆጮ ይዛ መጣች። ሜሪ ሮጣ ሄዳ ጭኗ ላይ ተደፋች። ሴትዮዋ ፀጉሯን እያሻሸች በቋንቋቸው ታንሾካሹካለች። ከዚያ፣ በዓይኔ ነው ያየሁት፣ ሜሪ አፏን ጆሮዋ ላይ ገጥማ አንድ ነገር ነገረቻት። ለረጅም ጊዜ።

እትዬ አልጋነሽ ቀና ብላ አየችኝ። «ፍሬ፣ ልጁ እኮ...» አለች። በእሷ አማርኛ ሴቱም ወንዱም «እሱ» ነው።

«ልጄ እረፍት ነው የሚያስፈልጋት፣ እትዬ» አልኩና ሜሪን እጇን ይዤ አስገባኋት። በሩንም ዘጋሁ። ንፋስ ነበረ። ክፉ ቃል አልተናገርኩም፤ ስለ ቆጮውም አመስግኛለሁ።

ሐምሌ 9

ለማዕረግ ጽፌላት ነበር፤ መልሷ በጋሽ ተድላ መኪና ደረሰኝ። «ላኪያት፤ ከልጆቼ ጋር እዚሁ ትማራለች» ትላለች። ሁሉንም አስቤበታለሁ። ፊደል አልገባትም። መስከረም ሁለተኛ ክፍል ልትገባ ነው። እዚህ ሐኪም የለም። ስለ ሜሪ ብዬ ብቻ ነው።

አብነት እሺ እስኪል ሳምንት ይፈጃል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ወዲያው እሺ አለ። ብትናገር ኖሮ እንዲህ ቶሎ እሺ ይል ነበር ወይ የሚል ሐሳብ መጣብኝ፤ ጌታ ይቅር ይበለኝ።

እትዬ አልጋነሽ ሁለት ጊዜ ደጅ መጥታ ነበር። ልብስ እያጠብኩ ነው አልኳት።

ሐምሌ 25፣ ቦንጋ

ሸኘኋት።

ትናንት ከቢታ ገነት በአይሱዙ መጣን፤ ጭቃው ሁለት ጊዜ ያዘን። ተሳፋሪው ወርዶ ሲገፋ ሜሪ ጋቢና ውስጥ ቦርሳዋን ታቅፋ ተቀምጣለች። ዛሬ ጠዋት ጋሽ ተድላ አዲስ አበባ ለስብሰባ ሲሄዱ ይዘዋት ሄዱ። ማዕረግ እዚያ ትቀበላታለች።

መኪናው ሊነሣ ሲል መስኮቱ ላይ ተንጠራራሁ። ሰባት ሳምንት ያልሰማሁት ድምፅ፣ ጥርት ባለ አማርኛ፣ «እማዬ፣ እዚያ ሁሉም ሰው አማርኛ ይችላል?» አለኝ።

«ሁሉም ይችላል፣ የኔ እናት! ሁሉም!»

«ጥሩ» አለች።

አየህ፣ አገሯ ናፍቋት ነው አልኩት ለአብነት። እሱ መንገዱን ያያል። እስክንድር «ሜሪ የት ሄደች?» ይላል። እስካሁን ይላል።

ነሐሴ 16

ከማዕረግ ደብዳቤ። ትናገራለች፤ ግን ጥቂት ነው። ፊደሉን ቶሎ ያዘች። ሌሊት ሌሊት አልጋዋ ላይ ትሸናለች። «ምን ዓይነት ጨዋ ልጅ ነው ያሳደግሽው? ውሃ ስሰጣት እንኳ ከመቀመጫዋ ተነሥታ እግዜር ይስጥልኝ ትላለች፣ እንደ እንግዳ» ብላለች።

ያመሰገነችኝ መስሏት ነው።

ነሐሴ 27

ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። እትዬ አልጋነሽ ሳታንኳኳ ገባች፤ ነጠላዋ ይንጠባጠባል። ተቀመጪ ሳልላት ተቀመጠች።

«ዛሬ በር አትዘጊም» አለችኝ። «ልጁ ለኔ ነግሯል፣ ሰኔ። ላንቺ ልነግርሽ መጣሁ፣ እንቢ አልሽ።»

የነገረችኝን እንደገባኝ እጽፈዋለሁ። አማርኛዋ ሲቋረጥ በእጇ እያሳየች ነው የነገረችኝ።

ያን ቀን አብነት ስለ ሰማያዊው ቤት ሲናገር ከፈለኝ አብነትን አይደለም ያየው፤ ሜሪን ነው። «ልሞት ነው ማለቱ ነው?» ብሎ ጠየቃት። አራቱ ልጆቹ እግርጌ ቆመዋል። ትንሹ የእስክንድር እኩያ ነው። ሜሪ ፈራች። «አባቴ ትድናለህ ነው የሚለው» አለችው።

ፊቱ የበራው ለዚህ ነው።

ከዚያ በላ። ከዚያ ተነሣ። ከዚያ ቀፎውን ሊያይ ሄደ፤ ዝናብ መታው፤ ሞተ። ልጄ ደግሞ ውሸቴ ገደለው ብላ ያን ሁሉ ቀን አፏን ዘጋች። እኔ ጉሮሮዋን በማንኪያ እያየሁ ነበር።

«ተሾመች ያውቃል?» አልኳት፤ እኔም እንደሷ ተናገርኩ መሰለኝ።

«ያውቃል። እኔ ነገርኩ። ተሾመች አልተቀየመም። ምን አለ? ባሌ የሚሞት ሰው ነበር። ግድግዳ እያየ የሚሞት ነበር። ያ ልጅ አንድ ቀን ሰጠው። ንቡን አየ፣ ሳቀ፣ ልጆቹን አቀፈ። ይሄን አለ።»

ስትወጣ እግሯ ላይ ልወድቅ ነበር። ቀልጠፍ ብላ ያዘችኝ። «ተዪ» አለች።

ነሐሴ 29

ከጋሽ ተድላ ደብዳቤ መጣ። የአብነት ሪፖርት ቦንጋ በጉባኤ ፊት ተነበበ፤ ስለ ከፈለኝ ፈገግታ ሲሰማ ያላለቀሰ ሰው አልነበረም ይላል። አብነት ደብዳቤውን መጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ አኖረው።

አልነገርኩትም። ነገ።

ጳጉሜ 2

ነገ እላለሁ እንጂ አልነገርኩትም። ያሳዘነኝ እሱ ነው ወይስ በእጄ ያለው ድንጋይ ነው ያስደሰተኝ? በአንድ እግሩ የሚሄድ ሲባል ዝም ያለ ሰው ነው። አሁን የምወረውረው አለኝ። እንዲህ ዓይነት ሴት መሆኔን አላውቅም ነበር።

ጳጉሜ 4፣ ቦንጋ

ለአብነት ጥርሴን አሞኛል ብዬ እስክንድርን አዝዬ መጣሁ። የመጣሁት ለስልክ ነው። ማዕረግ ጎረቤቷ ስልክ ስላላቸው በሰው ቀጠርኳት። ቴሌ ሁለት ሰዓት ከጠበቅኩ በኋላ መስመሩ ተገናኘ።

«ሜሪ፣ ሁሉን ሰምቻለሁ። እትዬ አልጋነሽ ነገረችኝ» አልኳት። ትንፋሿ ይሰማኛል። «አንቺ አልገደልሽውም። ሚስቱ ተሾመች፣ የልጆቹ እናት፣ አልተቀየመችሽም። አንድ ቀን ሰጠችው ብላለች። ቀፎውን አይቶ ስቋል።»

«በካፊኖኖ ምን አለች?» አለችኝ።

«እ?»

«ተሾመች። ራሷ ያለችው ቃል፣ በካፊኖኖ።»

«እሱን... እኔ አልሰማሁም። እትዬ አልጋነሽ ናት በአማርኛ የነገረችኝ።»

«እንግዲያ እንዴት አወቅሽ?» አለች ልጄ። አልተቆጣችም። ድምፅዋ አልተለወጠም። «ደስ እንዲልሽ ብላ ይሆናላ።»

ሰዎች ሲያስተረጉሙ ምን እንደሚያደርጉ ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቃለች።

መስከረም 5 ቀን 1996፣ ቢታ ገነት

ነገርኩት። ድንጋይ አድርጌ አይደለም፤ ወይም ትንሽ ብቻ።

አብነት እስከ መጨረሻው ሰማኝ። «እንግዲህ የነገርኩትን አልሰማም ማለት ነው» አለ።

«አልሰማም።»

«እጄን የያዘኝ ትድናለህ ያልኩት መስሎት ነው።»

«አዎ።»

ወጥቶ አጥሩ ሥር ቆመ። ሲመለስ ፊቱ በዝናብ ይሁን በእንባ ርሷል። «ሰባት ዓመቷ ነው ብለሽኝ ነበር» አለኝ። «እኔ ሳሙኤል አልኩሽ። ሳሙኤልን ያናገረው እግዚአብሔር ነው። ሜሪን የላክኳት እኔ ነኝ።»

«ለለቅሶው ሂጂ ያልኳትስ እኔ አይደለሁ?» አልኩት። በዚህ ቤት ከሰኔ ወዲህ አብረን ስናለቅስ የመጀመሪያችን ነው።

ለጋሽ ተድላ ሌላ ደብዳቤ ጻፈ። ሁለት መስመር ነው። የቀደመው ሪፖርት ትክክል እንዳልሆነና ጥፋቱ የራሱ ብቻ እንደሆነ ይናገራል።

መስከረም 9

ወንዙ ጎደለ። እትዬ አልጋነሽን ይዘን ተሾመች ቤት ሄድን። አብነት መጽሐፉን አልያዘም። በደረቅ አፍ ሁለት የሚያውቃቸውን የሰላምታ ቃላት ተናገረ፤ ከዚያ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ትንሹ ልጅ መጥቶ የጫማውን ማሰሪያ ይፈታል፣ እሱ ያስራል፣ ልጁ ይፈታል። እንዲሁ ዋሉ።

ተሾመች ቀጭን ሴት ነች። ያለችውን እንድትደግምልኝ ለመንኳት። እትዬ አልጋነሽ ለምን እንደሆነ ስታስረዳት አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች፣ ቀስ አድርጋ ተናገረች። ደገምኩ። አረመችኝ። ደገምኩ። ሃያ ጊዜ ያህል ሳንባባል አልቀረንም። አንዱ ድምፅ ከጉሮሮ ነው፤ አልወጣልኝ አለ። ልጆቹ ሳቁብኝ። እሷም ትንሽ ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ አለቀሰች።

መስከረም 20፣ ቦንጋ

ሁላችንም መጣን። አብነት እስክንድርን ይዞ ቴሌው ደጅ ቀረ። «አንቺ ብቻ አነጋግሪያት። የኔን ድምፅ ስትሰማ የምትናገረው ለኔ ብላ እንዳይሆን» አለኝ።

ሰላም አልኳትና ወዲያው፣ ሳይጠፋብኝ፣ ተናገርኩት። የተሾመችን ቃል፣ በተሾመች ቋንቋ።

አንዱን ቃል አረመችኝ። «በጉሮሮሽ ነው፣ እማዬ።»

ደገምኩት።

«አሁን ልክ ነው» አለች፤ ከዚያ ድምፅዋ ተሰበረ። ሰኔ ያላለቀሰችውን አለቀሰች። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ተጭኜ ቆሜ ሰማሁ፤ አይዞሽም አላልኳት።

ሲያባራላት፣ «አባዬ ያውቃል?» አለች።

«ያውቃል።»

«አዘነ?»

ዋሺ ዋሺ የሚል ነገር መጣብኝ። «አዘነ፤ በራሱ ነው ያዘነው እንጂ ባንቺ አይደለም። ይቅርታ አድርጊልኝ ብሎሻል።»

«እሺ።»

«መጥቼ ልውሰድሽ? ነገውኑ እነሣለሁ።» መንገዱን አስቤ ጨርሼ ነበር። ቀሚሷንም አጥቤ ሰቅያለሁ።

«እማዬ፣ እዚህ ማንም ‹በይልኝ› አይለኝም» አለች።

ስንት የምላት ነበረኝ! ከእንግዲህ ማንም አይልሽም፣ እትዬ አልጋነሽ ናፍቃሻለች፣ እኔ ያላንቺ እንዴት ልሁን? ሁሉንም ዋጥኩት።

«እሺ» አልኳት። «እስክትፈልጊ እዚያው ሁኚ።»

«እሺ» አለች፤ ስልኩ ተዘጋ።

ስወጣ አብነት እስክንድርን ትከሻው ላይ እንዳደረገ በሩ ፊት ለፊት ቆሟል። «ምን አለች?» አለኝ።

እንዳለችው፣ ቃል ሳልጨምር፣ ቃል ሳልቀንስ ነገርኩት።